ለወንበሩ ጀርባ የሰጠ

የተከበሩ ለአፈ ጉባኤዋ ጀርባውን ሲሰጥ እኔ ሳሙና እየደረደርኩ ነበር። ሱቄ ከሕንፃችን መግቢያ ሥር ናት፤ ቴሌቪዥኗ ከዘይት መደርደሪያው በላይ ተሰቅላለች። ምክር ቤት በሚተላለፍበት ቀን ጎረቤቱ ሁሉ የሱቄ በር ላይ ስለሚቆም ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ። ከቆመው ሁሉ አንዱ እንኳ ክብሪት አይገዛም፤ ቢሆንም ሰው ሲናደድ ብቻውን ባይሆን ይሻላል ብዬ ዝም እላለሁ።

«የተከበሩ» የምንለው የእኛው ሕንፃ የሁለተኛ ፎቅ ነዋሪ ነው፤ የምክር ቤት አባል። ቅጽል ስሙ ግን ከሹመቱ ይቀድማል። ልጅ ሳለ ግቢው ውስጥ ኳስ ሲጫወት ትንሽ ከነኩት መሬት ላይ ይዘረጋና፣ የነካው ልጅ መጥቶ ይቅርታ ካልጠየቀው አይነሳም ነበር። እኛም በመስኮት «ኧረ የተከበሩ ይነሱልን» እንል ነበር። ኋላ ሕዝብ መረጠውና የእውነት የተከበረ ሆነ፤ እኛም አዲስ ስም ከመፈለግ ዳንን።

ያን ቀን ምክር ቤቱ የያዘው የተከራዮችን ሕግ ነበር። አከራይ ብድግ ብሎ «ነገ ልቀቅ» እንዳይል የሚከለክል ሕግ ነው። እኛ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ተከራዮች ስለሆንን እንደ ዋንጫ ጨዋታ ነበር የምንከታተለው። የተከበሩም ተከራይ ነው፤ ከከተማው ዳር ግን የሚያከራየው ቤት እያሠራ እንደሆነ ሲሚንቶ የጫነለት ሹፌር ነግሮኛል።

ተራው ደረሰና ተናገረ። ጊዜው አለቀ፤ አሁንም ተናገረ። አፈ ጉባኤዋ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ የሚል ሴት ናቸው፤ ወደዚያ ወንበር ከመምጣታቸው በፊት አስተማሪ ነበሩ። ሰዓቱ ማለቁን ነገሩት፤ አልሰማም። ከመቀመጫቸው ተነሱ። እሳቸው ሲነሱ የሚናገረው አባል መቀመጥ አለበት፤ የቤቱ ሥርዓት ነው፤ ይህን ሱቄ በር ላይ የቆመ ሁሉ ያውቃል። የተከበሩም ተቀመጠ። ግን ወንበሩን አሽከርክሮ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ነው የተቀመጠው።

«ሄደው ክፍልዎን ያስተምሩ፤ እኛ ተማሪዎችዎ አይደለንም» አለ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው እንደሆነ።

የፓርቲው ሰዎች ሳቁ። ከዚያ አንድ በአንድ ወንበራቸውን አዞሩ። በቴሌቪዥኑ የምናየው የኮሌታና የማጅራት ሰልፍ ብቻ ሆነ።

አፈ ጉባኤዋ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉና መልሰው አደረጉ። አስጠነቀቁ፤ ደግመው አስጠነቀቁ። በመጨረሻ አዳራሹን ለቀው እንዲወጡ አዘዙ። እነሱም እንደ ሰርገኛ እያጨበጨቡ ወጡ። ሲወጡ ምልአተ ጉባኤው ጎደለ፤ ድምፅ መስጠት አልተቻለም፤ የተከራዮች ሕግም ለከርሞ ተላለፈ። ኮሪደሩ ላይ ጋዜጠኛ ማይክ ሲያቀርብለት የተከበሩ ክራቫቱን እያስተካከለ ፈገግ አለ። «እኛ አልወጣንም፤ አስወጡን እንጂ» አለ።

ሱቄ በር ላይ የነበረው ሰው የአፉን ተናገረ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ጥርስ ሐኪም የዚህን ሰው ጥርስ ያለ ማደንዘዣ የሚነቅልበትን ቀን እግዜር እንዲያሳየው ተመኘ። ያልተራገሙት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የሰውየው የገዛ አባት።

እኛ «ዳኛው» የምንላቸው የፍርድ ቤት ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ። ጉልበታቸውን ሜዳ ላይ ጨርሰው ጡረታ ወጡና ከልጃቸው በታች፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቴሌቪዥኑን እንድዘጋው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

«ሳይነኩት የሚወድቅ ተጫዋች አለ» አሉኝ። «ፊሽካ እንዲነፋለት ብሎ ነው። የኔው ልጅ ደግሞ ቀይ እንዲያወጡበት ብሎ ወደቀ።»

በማግስቱ ልጃቸው ቤት ወጥተው አፈ ጉባኤዋን ይቅርታ እንዲጠይቅ ለመኑት፤ ልመናው ሲያልቅባቸው ተቆጡት። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ሱቄ ውስጥ ባለው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የቀዳሁላቸውን ሻይ ሳይነኩ። የተከበሩ «አባዬ፣ ፖለቲካ ኳስ አይደለም» ብሏቸዋል። እሳቸውም «ኳስማ ቢሆን ማን ያሰልፍህ ነበር» ብለውት ወረዱ። እሳት አመድ ይወልዳል የሚሉት ተረት ትዝ አለኝ፤ አባት ፊት ስለሆነ ዋጥኩት።

ነውር ደግሞ እንደ ጉንፋን ነው፤ ደረጃ አያግደውም። በዚያው ሳምንት የግቢው ልጆች ለእናቶቻቸው ጀርባ መስጠት ተማሩ። እኔ ራሴ አንዱን ማስቲካውን ከከረሜላው ጋር አትቀላቅል ብለው ዞሮ ማጅራቱን አሳየኝ። የተከበሩ ሚስት መድኃኒት ቤት የምትሠራ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ሰላምታዋ እንኳ በአንገቷ ነው። ያን ሰሞን ወተት ልትገዛ መጥታ ብዙ አወራችኝ። ገና የወተት ጥርሷን ያልቀየረች ልጇን እራት ብይ ብትላት፣ ልጅቷ ወንበሯን አዙራ «እኔ ተማሪሽ አይደለሁም» አለቻት። አባትየውስ ምን አለ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀ አለች፤ ድገሚው ብሎ በስልኩ ቀረጻት። ወተቱን ይዛ ስትወጣ የብሯን መልስ ረስታ ሄደች።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊዋ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ላይ ነውና።

ልብስ ሰፊዋ አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። የሕንፃችን ሰው የሠርግም የሥራም ልብሱ በእሷ እጅ ያለፈ ነው። አምና መኪና ገጭቷት ሁለት እግሮቿ አልታዘዝ ካሏት ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። ሕንፃችን አሳንሰር የለውም፤ የአሳንሰሩ ጉድጓድ ግን አለ፤ መጥረጊያ እናስቀምጥበታለን። መውረድ ሲያስፈልጋት እኔና ጥርስ ሐኪሙ ወንበሯን ከፊትና ከኋላ ይዘን እናወርዳታለን። «ቀስ በሉ፣ የሰው ልብስ እንጂ ሰው ተሸክማችሁ አታውቁም» እያለች ታስቀናለች፤ እኛም እየሳቅን ልባችን ይጠፋል። ደንበኞቿ ግን አራት ፎቅ መውጣት እየሰለቻቸው አንድ በአንድ ቀሩ። ወንድሟ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ምድር ቤት ክፍል ካላገኘች በወሩ መጨረሻ መጥቶ ሊወስዳት ቆርጧል፤ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ የስፌት መኪናዋ አብራት አትሄድም። እሷም አንድ ቀን ደረጃው መሐል ላይ ስናሳርፋት እንዲህ አለችኝ፤ «ወንድሜ ይወደኛል። ግን እዚያ ሄጄ ተቀምጬ የምበላ ሰው ነው የምሆነው።»

ምድር ቤት ደግሞ ክፍል አለ። ከመግቢያው አጠገብ ያለው ዕቃ ቤት ነው፤ መስኮትም ውኃም አለው፤ በሩ ደረጃ የለውም። ክፍሉ የጋራችን ነው፤ አከራዩ ለምን እንደምናውለው እንድንወስን ለነዋሪዎች ኮሚቴ ትቶልናል። በዚህ ወር ካልወሰናችሁ ግን ለለስላሳ መጠጥ አከፋፋይ አከራየዋለሁ ብሏል። ችግሩ ክፍሉ ባዶ አለመሆኑ ነው። የተከበሩ ለምርጫ ቅስቀሳ የተጠቀመባቸውን ድምፅ ማጉያዎች፣ የራሱ ፎቶ ያለባቸውን ሰንደቆችና አንድ ጄኔሬተር አጭቆበታል። «ለጊዜው» ብሎ ነው ያስገባቸው። የእሱ ጊዜው ሁለት ምርጫ አልፎታል።

ስብሰባ ጠርተን ነበር፤ ሁለቴ ሰው ጎድሎ ተበተንን። የመጨረሻው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆነ።

የእኛን ስብሰባ ላላየ ሰው ትንሽ ልንገር። ሊቀመንበራችን ዳኛው ናቸው። ስብሰባው ከደረጃው ሥር ባለው ሰፊ ቦታ ላይ ነው፤ ሁሉም ወንበሩን ከቤቱ ይዞ ይወርዳል። ዳኛው የብረት ወንበራቸው ላይ ይቀመጡና ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ በሸሚዛቸው ኪስ ቢጫና ቀይ ካርድ ይይዛሉ። መናገር የፈለገ እጁን ያወጣል፤ እሳቸው አንገታቸውን ካልነቀነቁለት አይናገርም። ፊሽካ ከተነፋ መቆም ነው። ቢጫ ያየ ይጠነቀቃል፤ ቀይ ያየ ወደ ግቢው ይወጣል፤ ስብሰባው እስኪያልቅም አይመለስም። የወጣ ቀይ አይመለስም። እስከዚያ ቀን ቀይ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጥርስ ሐኪሙ። ዝናብ ላይ ጥላ ይዞ ቆሞ ጨረሰ፤ እስከ ዛሬ ለአዲስ ተከራይ ሁሉ እንደ ጀብዱ ያወራዋል።

ሌላው ሥርዓታችን ድምፅ የሚቆጠረው በሰው ሳይሆን በበር መሆኑ ነው። አንድ በር፣ አንድ ድምፅ። ከበሩ ባል ይምጣ ሚስት፣ እናት ትምጣ ወይም አዋቂ ልጅ፣ ለእኛ አንድ ነው። ከግማሽ በላይ በሮች ካልተገኙ ስብሰባው አይጸናም። በሮቹን የምቆጥረው እኔ ነኝ።

ያን ቅዳሜ ቆጠርኩ፤ አንድ በር ጎደለ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ልብስ ሰፊዋን ተሸክመን አውርደናታል፤ ጉልበቷ ላይ የስፌት ከረጢቷን አስቀምጣ አንዴ ደረጃውን አንዴ እኔን ታያለች። ልንበተን ስንል የተከበሩ ከነሱፉ ከች አለ፤ ሁለት ስልክ ይዞ። ወንበር ከቤቱ ይዞ አልወረደም፤ ከጎረቤት ለመነ። ተቀመጠ። ቆጠርኩ፤ ሞላ። በሕይወቴ እሱን ሳይ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ደስታዬም ሻይ እስኪፈላ አልቆየም።

ልብስ ሰፊዋ እጇን አወጣች። ዳኛው አንገታቸውን ነቀነቁ። ብዙ አልተናገረችም። ሥራዋን፣ ወንድሟን፣ ደረጃውን በአጭሩ አስረዳችና «እኔ የምለምናችሁ በር ብቻ ነው፤ ደረጃ የሌለው በር» አለች።

ቀጥሎ የተከበሩ እጁን አወጣ፤ ተፈቀደለት። ስለ ዕቃ ቤቱ ሳይሆን ስለ ሀገር ጀመረ። ድምፅ ማጉያዎቹ የእሱ ሳይሆኑ የሕዝብ ድምፅ እንደሆኑ፣ ሰንደቆቹም የትግል ቅርስ እንደሆኑ አብራራ። ጥርስ ሐኪሙ በጆሮዬ፣ «ቅርስ ከሆነ ሙዚየም ይውሰዱለት» አለኝ። ንግግሩ ከሀገር ወደ ዓለም ሲሻገር ዳኛው ፊሽካ ነፉ። አላቆመም። ደግመው ነፉ። እየሳቀ ቀጠለ። ቢጫው ወጣ።

የተከበሩ ካርዱን አይቶ ወደ እኛ ዞረ። «አባዬ፣ ይሄ ሜዳ አይደለም» አለ። «ፊሽካህን ቁም ሳጥንህ ውስጥ ቆልፍበት። ያረጀ ዳኛና ጡረታ የወጣች አስተማሪ ሀገር ሊመሩ ነው እንዴ?»

ከዚያም ወንበሩን አዞረ። የምክር ቤቱ ወንበር በቅባት ዘይት ነው የሚዞረው፤ ድምፅ የለውም። የእኛ የእንጨት ወንበር ሰድሉ ላይ ሲጎተት ግን ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት አሰማ። ጀርባውን ለአባቱ ሰጥቶ ተቀመጠ።

 እኔ የተቀመጥኩት ከጎኑ ስለሆነ ፊቱ ይታየኛል። ያ የኮሪደሩ ፈገግታ ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዳኛው ቢያስወጡት አንድ በር ይጎድላል። አንድ በር ከጎደለ ስብሰባው ፈረሰ፤ ስብሰባው ከፈረሰ ዕቃ ቤቱ ወይ ለእሱ ሰንደቅ ወይ ለለስላሳ ጠርሙስ ነው፤ ልብስ ሰፊዋም ወደ ወንድሟ። የመጣው ሊወጣ ነው። የምክር ቤቱን ተንኮል ለአባቱ ቤት ይዞ ገባ።  ተነስቼ ያን የሚያብረቀርቅ ማጅራት ብመታው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እጅ ሳላወጣ መነሳት አልችልም፣ የሕጋችን አስቂኝ ነገር ይሄ ነው፤ የሚያከብረውን ብቻ ነው የሚያስረው።

ቀዩን እንዳያወጡበት ለዳኛው ዐይኔን ጠቀስኩ። እሳቸውም ገብቷቸዋል። እጃቸው ሸሚዛቸው ኪስ ላይ ቆሞ ነበር። የሚያዩት ልጃቸውን ሳይሆን ልብስ ሰፊዋን ነው። ቀዩን ካላወጡት ከዛሬ ጀምሮ ያ ወንበር ብረት ብቻ ነው፤ ያሻው ይዞርበታል። ካወጡት ደግሞ የእሷን በር በገዛ እጃቸው ዘጉባት። 

ልብስ ሰፊዋ እጇን አወጣች። ዳኛው ነቀነቁላት።

«ጋሼ» አለች፣ «ለእኔ ብለው ይህን ንቀት እንዳይውጡት።»

ቀዩ ወጣ።

የተከበሩ ሱፉን እያራገፈ ተነሳ። «ልብ በሉ» አለን፣ «እኔ አልወጣሁም፤ አስወጡኝ እንጂ።» እየተጎማለለ ወደ ግቢው ወጣና መስኮቱ ላይ ክርኑን አስደግፎ ቆመ። ከዚያ ሆኖ ቆጠራ ይደረግ አለ። አልቀረልኝም፤ ቆጠርኩ። አንድ ጎደለ። ለዳኛው አንድ ጣቴን አሳየኋቸው። ልብስ ሰፊዋ ከረጢቷን መዝጋት ጀመረች። ዳኛው ስብሰባው መበተኑን ሊያስታውቁ ፊሽካውን ወደ አፋቸው አነሱ።

ያን ጊዜ ከደረጃው ላይ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ። የተከበሩ ሚስት ናት። ከመቼ ጀምሮ እዚያ ቆማ ስታዳምጥ እንደነበር አላውቅም፤ እጇ ላይ የዕቃ ማጠቢያ አረፋ አልደረቀም። ማንንም ሳታይ መጥታ ባሏ ያዞረውን ወንበር ያዘች። ያ የሚያፋጭ ጩኸት እንደገና ተሰማ። ወንበሩን ወደ ዳኛው መልሳ አዞረችና ተቀመጠች።

«ከሁለተኛ ፎቅ፣ ግራ በር» አለችኝ።

ቆጠርኩ። ሞላ። የዚያን ቀኑን ያህል ቁጥር ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

የተከበሩ ከመስኮቱ ወደ በሩ ሮጠ። ምክር ቤት ወንበሩ የሰውየው ነው፤ እሱ ሲወጣ ወንበሩ ባዶ ይቀራል። በእኛ ቤት ግን ወንበሩ የበሩ ነው። እዚህ ያደገ ሰው፣ ይህን ሥርዓት ከእናቱ ጉያ ሆኖ የሰማ ሰው ረሳው፤ ወይም አልረሳውም፣ ሚስቱ ትወርዳለች ብሎ አላሰበም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

በሩ ላይ ቆሞ፣ «አንቺ፣ ምን ቤት ነኝ ብለሽ ነው? ተነሺ፣ ግቢ» አላት።

እሷ እጇን ነው ያወጣችው። ዳኛው እስኪነቀንቁላት ጠበቀች፤ አረፋው በክንዷ እየወረደ።

«አባባ፣ በሩ ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው አለ» አለች። «ፈቃድ ተሰጥቶታል?»

«አልተሰጠውም» አሉ ዳኛው።

«እንግዲያው ወደ አጀንዳችን እንመለስ» አለች።

ጥርስ ሐኪሙ ሳቁ አምልጦት ቢጫ አየ። የተከበሩ በሩ የእኔ ነው፣ ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነኝ ብሎ ጮኸ። አባቱ ወደ እሱ ሳይዞሩ፣ ይህ ደንብ ሲወጣ አንተ ጡጦ ላይ ነበርክ፤ አሁንም ግቢው ውስጥ ነህና ድምፅህ አይሰማንም አሉት። ከዚያ ወደ ድምፅ መስጠት ገባን። ዕቃ ቤቱ ለልብስ ሰፊዋ ይሰጥ የሚል እጁን ያውጣ ሲባል የመጀመሪያዋ እርጥብ እጅ የሁለተኛ ፎቅ ግራ በር ነበረች። አለፈ።

ሁሉም ወንበሩን ይዞ ሲወጣ ዳኛው እንደተቀመጡ ቀሩ። ቀዩ ካርድ አሁንም በእጃቸው ነው። እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው ብዬ ፊታቸውን ሳየው ተውኩት።

«ስንቱን ከሜዳ አስወጥቻለሁ» አሉኝ። «እናቴን ሳይቀር ሰድበውኝ ወጥተዋል። በሳምንቱ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ግን ያቀረቅራሉ። ይሄ እየሳቀ ወጣ። የሚያፍርበትን ቦታ ማን ወሰደበት?»

  እሳቸው እንዳዘኑ ገባኝ፤ እኔ ግን ንዴቴ ነው ያልወጣልኝ። ሰው የራሱን ክብር እየፈለገ የሌላውን ክብር እንደ ሲጋራ ቁራጭ የሚረግጥ ከሆነ፣ እንዲህ ያለውን ሰው መርጠን የላክነው እኛው ነን። እኔም መርጬዋለሁ፤ የጎረቤት ልጅ ነው ብዬ።

ድምፅ ማጉያዎቹን የፓርቲው ሰዎች በጭነት መኪና መጥተው ወሰዱ። ሰንደቆቹ ሲወጡ የተከበሩ ፎቶ ከነፈገግታው ተጠቅልሎ በጭንቅላቱ ተዘቀዘቀ። ጥርስ ሐኪሙ አንዱን ሰንደቅ ለመነ፤ ለክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል፣ «ከሕክምና በፊት» የሚል ጽሑፍ ሊጽፍበት። አልሰጡትም። ልብስ ሰፊዋ ገባች። በእግር ይሠራ የነበረውን የስፌት መኪናዋን ከአደጋው በኋላ አንድ መካኒክ በእጅ የሚዞር አድርጎላታል፤ ድምፁ ግን ከበፊቱ ብሷል፤ እንደ ወፍጮ ነው የሚያንገጫግጨው።

ምክር ቤቱ እንደገና ሲሰበሰብ እዚያው አዲሱ ክፍል ነው ያየነው፤ ትንሽ ቴሌቪዥን መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለች። ዳኛው ነበሩ፤ እኔ ሱቄን ቆልፌ መጣሁ፤ የተከበሩ ሚስት ደግሞ ለልጇ የትምህርት ቤት ልብስ ልታስለካ ወርዳ ነበር። ልጅቷ የመለኪያ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ቆማለች።

አፈ ጉባኤዋ ለሌላ ሰው ተራ ሰጡ። የተከበሩ ሳይፈቀድለት ተነስቶ መናገር ጀመረ። ዳኛው በርጩማቸው ላይ ወደ ፊት አዘነበሉ። ምናልባት፣ አልኩ በልቤ፤ እሳቸውም ምናልባት ሳይሉ አልቀሩም። አፈ ጉባኤዋ ከወንበራቸው ተነሱ። የተከበሩ አያቸው፤ አዳራሹን አየ፤ ካሜራውንም አየ። ወንበሩን አዞረ።

ልጅቷ ሳቀችና እሷም ለመዞር አንድ እግሯን አነሳች። እናቷ ትከሻዋን ይዛ አቆመቻት። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዳ ቴሌቪዥኑን በሁለት እጇ ያዘችና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው። የምናየው የቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ሽቦውና አቧራው ብቻ ሆነ።

«ጀርባ ከወደደ ጀርባውን እንይለት» አለች። «አንቺ፣ ስፌትሽን ቀጥይ» አለቻት ልብስ ሰፊዋን።

ድምፁ ግን አልተዘጋም። ከግድግዳው በኩል የተከበሩ ስለ ሕዝብ ሲጮህ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስገብታ መዘውሩን ማዞር ያዘች። ክፍሉ በሙሉ ተንገጫገጨ፤ የሰውየው ጩኸት በውስጡ ሰጠመ። ድንገት አቆመች። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያ ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ የሚለው ድምፅ መጣ።

«የተከበሩ አባል፣ ወንበርዎን መልሰው ይቀመጡ።»

አፈ ጉባኤዋ ተናግረው እስኪጨርሱ መኪናው ዝም አለ። እሱ አፉን ሲከፍት ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ ዳኛውን አየች። ዳኛው አንገታቸውን ነቀነቁላት፤ መዘውሩም ዞረ።